ጭፍን ጥላቻ በምን ይመዘናል? ወላይታ በባለአገርነትም በመጤነትም

«መጤ» የምትለው ቃል በፖለቲካችን ውስጥ ይህን ያህል የገነነችው መቼ እንደሆነ በቀን ቆጥሮ ማስቀመጥ ያስቸግራል። አባቶቻችን ከሌላ አገር የመጣውን ሰው «እንግዳ» ይሉት ነበር። እንግዳ እግሩ ይታጠባል፤ ማደሪያ ይሰጠዋል፤ ከየት እንደመጣ የሚጠየቀውም ከበላ ከጠጣ በኋላ ነው። መጤ የተባለ ግን አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ቁጥሩ ይሰላል፤ የተከራየው ቤትና የተቀጠረበት ሥራ ከማን ድርሻ እንደተነሳ ይመረመራል። ሁለቱም ቃላት የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው ነው። መጪው ያው ነው፤ የተለወጠው የተቀባዩ ዓይን ነው።

ለመሆኑ ይህ ዓይን ሊለካ ይችላል? አንድ ሕዝብ ከሌላ ስፍራ ለመጣ ሰው ያለው ጭፍን ጥላቻ እንደ ሰውነት ትኩሳት በመሣሪያ የሚታወቅ ነገር ነውን? ጥያቄው የምሁራን ጨዋታ ሊመስል ይችላል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሐዋሳ ከተማ የሆነውን ለሚያስታውስ ሰው ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በወላይታ ታሪክ በኩል ለማየት ይሞክራል። ወላይታን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት መቶ ሠላሳ ዓመታት ይህ ሕዝብ ባለአገር ሆኖ መጤን ተቀብሏል፤ መጤ ሆኖም በሰው አገር ተመዝኗል። በሁለቱም ወንበር የተቀመጠ ሕዝብ ስለ ሚዛኑ የሚነግረን ብዙ ነው።

የፈረንጆቹ መሰላል

ጭፍን ጥላቻን በቁጥር ለመለካት ከተሞከሩት ዘዴዎች ስመ ጥሩው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኤሞሪ ቦጋርደስ እ.ኤ.አ. በ1925 ያቀረበው «የማኅበራዊ ርቀት መለኪያ» ነው። ዘዴው እንደ መሰላል ነው። ለተጠያቂው የአንድ ወገን ስም ይነገረዋል። ከዚያም «ከዚህ ወገን የሆነ ሰው በጋብቻ ቢዛመድህ ትቀበላለህ? ጓደኛህ ቢሆንስ? ጎረቤትህ? የሥራ ባልደረባህ? የአገርህ ዜጋ? ለጉብኝት ብቻ ቢመጣስ? ወይስ ጭራሹን አገሬ አይግባ ትላለህ?» እየተባለ ከላይ ወደ ታች ይጠየቃል። ተጠያቂው የቆመበት እርከን የጥላቻው ልክ ሆኖ ይመዘገባል።

መሰላሉ ቀላል ነው፤ ጠቃሚም ነው፤ ዛሬም በየአገሩ ይሠራበታል። በእኛም አገር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቡና ምሁር ሀብታሙ ወንድሙ ከሁለት የውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ወጣቶች ስለ ራሳቸው ብሔርና ስለ ሌላው የያዙትን ሥዕል አጥንተዋል። «የዓለም እሴቶች ጥናት» የሚባለው ዓለም አቀፍ መጠይቅም እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2020 በኢትዮጵያ ተካሂዷል። የዚህ መጠይቅ ታዋቂ ጥያቄ «ጎረቤትህ እንዲሆን የማትፈልገው ማንን ነው?» የሚለው ነው።

ይሁንና የመሰላሉን ድካም ቀድሞ ያሳየ አንድ ሰው አለ። አሜሪካዊው ሪቻርድ ላፒየር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ወጣት ቻይናዊና ከባለቤቱ ጋር አሜሪካን በመኪና ዞረ። ዘመኑ ቻይናዊ በግልጽ የሚጠላበት ነበር። በጉዟቸው 251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ገቡ፤ አናስተናግድም ያላቸው አንድ ብቻ ነበር። ላፒየር ከስድስት ወር በኋላ ለእነዚያው ድርጅቶች «ቻይናውያንን ታስተናግዳላችሁ?» ብሎ ጻፈ። መልስ ከሰጡት 128 ድርጅቶች ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት «አናስተናግድም» አሉ። በወረቀት የከለከሉት በአካል ያበሉትን ሰው ነበር።

በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የዚህ ተቃራኒ ይመስለኛል። የእኛ ሰው አፉ ከእጁ ይለሰልሳል። ወረቀትና ብዕር ይዞ ደጅ የሚያንኳኳ ሰው በእኛ ዘንድ ከመንግሥት የተላከ ይመስላል። ስሙና አነጋገሩም የየትኛው ወገን ልጅ እንደሆነ ይናገራሉ። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ጠያቂ የሚሰጠው መልስ «እዚህ ሁላችንም ተዋደንና ተከባብረን ነው የምንኖረው» የሚል ነው። መልሱ የግድ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ያልተፈተነ እውነት ነው። ፈተናው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከመጠይቁ ወጥተን ወደ ታሪክ መግባት ግድ ይላል። ታሪክ የራሱ ሚዛኖች አሉት፤ ስም፣ ሥራ፣ ጋብቻ፣ በመጨረሻም «አገሩ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ።

ስም እንደ ሚዛን

ወላይታ በራሱ ንጉሥ ይተዳደር የነበረ አገር ነው፤ ንጉሡም «ካዎ» ይባላል። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ራሳቸው በመሩት ዘመቻ ተሸንፈው ተማረኩ። ዘመቻውን ተከትሎ የሄደው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም ያየውን በመጽሐፍ አሳትሟል። ስለ ውጊያው እልቂት፣ ከድሉም በኋላ ስለተነዳው ከብትና ስለተማረከው ሕዝብ የጻፈው ዛሬም ሲነበብ ያሳቅቃል።

ከዚያ በኋላ አገሩ በመንግሥት መዝገብ የሰፈረው ራሱን በሚጠራበት ስም አልነበረም። «ወላሞ» ተባለ። ቃሉ ለባለቤቱ ጆሮ ስድብ ነው፤ ለጸሐፊው ግን ተራ የቦታ ስም ሆኖ ለአሥርት ዓመታት አገለገለ። በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረው አውራጃ በዚሁ ስም ተጠራ። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት ሳይቀር ሥራ ሲጀምር የ«ወላሞ» ድርጅት ነበር፤ የወላይታ የሆነው በኋላ ነው። ስሙ ከመንግሥት ወረቀት የተፋቀው ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ነው።

ይህ ስለ መለኪያችን አንድ ትልቅ ነገር ያስተምረናል። በዚያ ዘመን ሶዶ ላይ ተቀምጦ «የወላሞ አውራጃ» እያለ ደብዳቤ ይጽፍ የነበረውን ጸሐፊ የቦጋርደስን መሰላል ብናቀርብለት ምን ይል ነበር? ጎረቤቶቹ ወላይታዎች ናቸው፤ የሥራ ባልደረቦቹም አሉበት። ምናልባት ከመሰላሉ ጥሩ እርከን ላይ ይቆም ነበር። ስድቡ በቋንቋው ውስጥ ተዋሕዶ ስለሚኖር እንደ ጥላቻ አይሰማውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ የስም ቁስል የሚለካው ከተጠሪው ወገን ብቻ ነው። ተቀባዩን ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ ግማሹን እውነት ትቶ ይመለሳል።

ስም ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ የ1990ዎቹን መጀመሪያ ያስታውስ። በጊዜው የሰሜን ኦሞ ዞን ባለሥልጣናት ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አዋሕደው «ወጋጎዳ» የሚል ቋንቋ ፈጠሩ፤ መማሪያ መጻሕፍትም አሳተሙ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ አንድነት ይመስል ነበር። በሶዶ ግን ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱ ተነሱ፤ በ1993 ዓ.ም. ዞኑ ራሱ ፈርሶ ወላይታ ለብቻው ዞን ሆነ። አንድ ጊዜ ስሙን ሌላ ሰው የሰጠው ሕዝብ ለሁለተኛ ጊዜ አልፈቀደም።

ቂምና ጭፍን ጥላቻ ለየቅል ናቸው

ከ1887ቱ ዘመቻ ወዲህ ወታደሩ፣ ካህኑና ሹሙ በወላይታ ምድር ሰፈሩ። ሶዶም የአስተዳደርና የገበያ ከተማ ሆና አደገች። ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ በኋላም ሾፌሩ ተከትሎ መጣ። ባላገሩ ደግሞ ገባር ሆነ፤ ለመልከኛው እህል ይሰፍራል፤ አጥር ያጥራል፤ ያርሳል፤ ያጭዳል።

እዚህ ላይ መለኪያ የሚሠራ ሁሉ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ገባሩ ለመልከኛው የነበረው ስሜት ጭፍን ጥላቻ ሊባል አይችልም። ዓይኑ የተገለጠ ነው፤ የሚጠላው የሚያውቀውን ሰው ነው፤ ያደረሰበትንም በደል በዝርዝር መናገር ይችላል። ይህ ቂም ነው። ቂም መድኃኒት አለው፤ በደሉ ሲቆም፣ ፍትሕ ሲገኝ ይበርዳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የቂሙ ሕጋዊ ሥር ተነቀለ።

ጭፍን ጥላቻ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። የመልከኛውን ዕዳ ሶዶ ገበያ ላይ ልብስ ሲሰፋ ከሚውል፣ መሬትም ገባርም አይቶ ከማያውቅ የልጅ ልጅ ስንጠይቅ፣ ወይም ዘሩ ከዚያ ወገን በመሆኑ ብቻ ትናንት ከመጣ አስተማሪ ስንጠይቅ ቂሙ ዓይኑን አጥቷል። ቂም የሚያውቀውን ይከስሳል፤ ጭፍን ጥላቻ የማያውቀውን። መጠይቅ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ምልክት ይደረግባቸዋል፤ «አልቀበልም» የሚል። ስለዚህ ጠያቂው «ትጠላለህ ወይ?» ብሎ ማቆም የለበትም። «ማንን? ምን አድርጎህ? ያደረገው እርሱ ነው ወይስ እርሱን የሚመስል ሰው?» ማለት ይኖርበታል።

ሊስትሮው ማን ነበር?

አሁን ወንበሩን እናዙር። የወላይታ ደጋ በእንሰትና በስኳር ድንች የሚኖር፣ ሕዝቡ እጅግ የበዛበት መሬት ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 1,501,112 ነበር፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ማለት ነው። መሬቱ ከአባት ወደ ልጆች እየተሸነሸነ ሲሄድ ለታናሹ የሚቀረው መንገዱ ነው። በዚያው ቆጠራ በመላው አገሪቱ የተመዘገበው ወላይታ 1,676,128 ሲሆን፣ በዞኑ ውስጥ ከነበረው ሕዝብ ወላይታው ከመቶ 96 ገደማ ነበር። ሒሳቡን ለሚያሰላ፣ ያን ጊዜ ከሰባት ወላይታ አንዱ ከዞኑ ውጭ ይኖር ነበር ማለት ነው።

የሆላንዱ ኩባንያ ወንጂ ላይ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር አገዳ ለመቁረጥ ከሄዱት መካከል የወላይታ፣ የከምባታና የሐዲያ ልጆች ይገኙበታል። መተሐራም ሌሎቹ የአዋሽ ሸለቆ እርሻዎችም እንዲሁ የደጋውን ጉልበት ወደ ቆላው ሳቡ። ወባው፣ ሙቀቱና የጉልበት ዋጋ ማነስ ይታወቃል። በአዲስ አበባ ደግሞ የወላይታ ልጅ ሊስትሮ፣ ሎተሪ አዟሪ፣ ተሸካሚና የቤት ሠራተኛ ሆኖ ታየ። የከተማው ሰው ዓይን ሥራውን ከሰውየው ጋር ሰፍቶ አንድ አደረገው። «ወላይታ» ሲባል የጫማ ሳጥን፣ የጫማ ሳጥን ሲታይ ወላይታ።

እስኪ ግን እናስታውስ። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ሊስትሮ ማን ነበር? በአፄው ዘመን የጫማ ሳጥኑን ተሸክሞ ፒያሳና መርካቶን ይዞር የነበረው በአብዛኛው የጉራጌ ልጅ ነበር። ያን ጊዜም ቀልዱና ንቀቱ በእርሱ ላይ ነበር። ጉራጌው ከሳጥኑ ወደ ሱቅ ሲያድግ ሳጥኑ ለሚቀጥለው መጪ ተላለፈ፤ ቀልዱም ከሳጥኑ ጋር አብሮ ተላለፈ። ንቀቱ የዘር ቢሆን ኖሮ ከጉራጌው ጋር አብሮ በቀረ ነበር። የተጣበቀው ከዝቅተኛው ሥራ ላይ ነው፤ ሥራውን የያዘው ሲለወጥ የተናቀውም ወገን ተለወጠ። የከተማን ጭፍን ጥላቻ የሚመረምር ሰው «ስለ ወላይታ ምን ታስባለህ?» ከማለቱ በፊት ወላይታው በከተማው ውስጥ ምን እየሠራ እንደሚታይ ቢያጠና ይሻለዋል።

የራስን መስተዋት ማየት

ወላይታ ሲመዘን ብቻ ኖሯል ብንል ግን ታሪኩን እናጎድለዋለን። ስለ ራሱ የሚናገረው ትውፊት የሚያስደንቅ ነው። ከካዎ ጦና በፊትና እስከ እርሳቸው የገዛው የመጨረሻው ሥርወ መንግሥት «የወላይታ ትግሬ» ይባላል፤ ምንጩም ከሰሜን፣ ከትግራይ እንደመጣ ይነገራል። ታሪክ ጸሐፊዎች በትውፊቱ እውነትነት ይከራከሩ እንጂ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላ ነው። አንድ ሕዝብ ንጉሡን ከሩቅ ከመጣ ሰው ዘር ሲቆጥርና በዚያም ሲኮራ፣ መጪነት በራሱ ነውር እንዳልነበር ይመሰክራል። የጎሳ ሥርዓቱም ከራስ ጎሳ መጋባትን የሚከለክል በመሆኑ እያንዳንዱ ቤት የሌላ ጎሳ ልጅ እናት አድርጎ የቆመ ነው። በቦጋርደስ መሰላል ብንሄድ ከፍተኛው እርከን፣ ጋብቻ፣ በሩን ከፍቶ ኖሯል።

ለሁሉም ግን አልከፈተም። ሸክላ ሠሪው «ጪናሻ»፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ በዚያው ምድር ተወልደው፣ በዚያው ቋንቋ ተናግረው፣ በጋብቻም በማዕድም ተገልለው ኖረዋል። ከሩቅ የመጣው ንጉሥ ሲሆን፣ ከቤት የተወለደው ባለእጅ ከደጅ ቀረ። ታዲያ የርቀቱ መለኪያ መንገዱ ነው ወይስ ሥልጣኑ? ይህ የወላይታ ብቻ ነውር አይደለም፤ ከሰሜን እስከ ደቡብ ቀጥቃጩን «ቡዳ» ስንል የኖርን ሁላችንም ነን። የአዲስ አበባው ሰው በሊስትሮው ላይ ያደረገውን ባላገሩ በሸክላ ሠሪዋ ላይ አድርጎታል። የሥራ ንቀት በሁለቱም ወንበር ተቀምጧል።

ሰኔ 7 ቀን 2010

ወደ ሐዋሳ እንሂድ። ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም አስተዳደር ዘመን የተቆረቆረች፣ በኋላም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ወላይታም በዚያው ጠቅላይ ግዛት ሥር ስለነበረ ለወላይታ ሰው ሐዋሳ መሄድ ወደ ባዕድ አገር መሻገር አልነበረም። በጉልበት ሥራው፣ በንግዱ፣ በቢሮውም ገባ፤ ወለደ፤ ከበደ።

የሲዳማ ሕዝብ ደግሞ የራሱ ጥያቄና የራሱ ቁስል ነበረው። ከተማዋ በምድሩ ላይ ቆማ የሌሎች መናኸሪያ ስትሆን፣ ባለቤትነቱ እየተሸረሸረ እንደሆነ ተሰማው። በግንቦት 1994 ዓ.ም. የሐዋሳን አስተዳደር ጉዳይ ተቃውመው ሎቄ ላይ በሰላም ሰልፍ የወጡ ሲዳማዎች በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ተገድለዋል። ይህን ሳያነሱ ስለ ሐዋሳ መጻፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። በዚያ ቀን የተኮሰው ግን መንግሥት ነበር። ጎዳና ላይ ሙዝ የሚሸጠው የወላይታ ልጅ አልነበረም።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በሚከበርበት ሰሞን በከተማዋ ወላይታዎች ላይ ጥቃት ደረሰ። ሰዎች ተገደሉ፤ ቤትና ንብረት ተቃጠለ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ተፈናቅለው በየቤተ ክርስቲያኑ ተጠለሉ። ቁጣው ወደ ሶዶም ተሻገረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀናት ውስጥ ወደ ሐዋሳና ወደ ሶዶ ተጉዘው ሕዝቡን አነጋገሩ፤ የየዞኑ ባለሥልጣናትም ሥልጣናቸውን እንዲለቁ ጠየቁ።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቃቱ ከመነሳቱ ከአንድ ሳምንት በፊት በሐዋሳ ሰፈሮች የቦጋርደስ መጠይቅ ተበትኖ ቢሆን ኖሮ ምን ይገኝ ነበር? ብዙው ሰው «ጎረቤቴ ነው፤ አብረን እድር እንከፍላለን፤ ልጆቻችን አንድ ትምህርት ቤት ናቸው» ባለ ነበር ብዬ አምናለሁ። እውነቱንም ነው። ቤት የሚያቃጥለው ብዙኃኑ አይደለም፤ ጥቂቱ ነው። ብዙኃኑ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። እንግዲህ መጠይቁ ያልጠየቀው ትልቅ ጥያቄ ይኸው ነው፤ «የጎረቤትህ በር ሲሰበር ትወጣለህ? ብትወጣ ሌሎች አብረውህ የሚወጡ ይመስልሃል?» ሰው ብቻዬን እቀራለሁ ብሎ ካሰበ የልቡ ፍቅር ለጎረቤቱ ጋሻ አይሆነውም። የሚለካው የልብ ስሜት ብቻ ሳይሆን ሰው ስለ ሰፈሩ ያለው ግምትም መሆን አለበት።

ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ብዙ የደቡብ ኢትዮጵያ ወጣቶች ሱቅ ከፍተው በሚኖሩባት ደቡብ አፍሪካ፣ ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕዝቡ ለስደተኛ ያለውን አመለካከት በተከታታይ ለክተዋል። ውጤቱ ከዓመት ዓመት እጅግ የከረረ ነበር፤ ሪፖርቱም ታትሟል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ጥቃቱ ሲፈነዳ 62 ሰዎች ተገደሉ። ከእነዚህ ውስጥ 21ዱ ራሳቸው ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። በመልካቸው ወይም በቋንቋቸው ባዕድ መስለው፣ ወይም ከባዕድ ጋር ቆመው የተገኙ ናቸው። ትምህርቱ ሁለት ነው። ትኩሳቱን የለካ ሐኪም መድኃኒት ካላዘዘ መለካቱ በሽተኛውን አያድነውም። መጤን ለይቶ የሚመታ ዱላ ደግሞ የቤቱን ልጅ መለየት አይችልም።

አሁን ተረኛዋ ሶዶ ናት

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመኖር ነፃነት አለው ይላል። በአንቀጽ 8 ደግሞ የሉዓላዊነት ባለቤቶች ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ይላል። ሁለቱ አንቀጾች በወረቀት ላይ ተከባብረው ይኖራሉ። በከተማ ጎዳና ላይ ግን አንዱ «መኖር ትችላለህ» ሲል ሌላው «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ይላል። ነዋሪነትና ባለቤትነት በተለያዩበት ቦታ ሁሉ መሬት፣ የመንግሥት ሥራና የቀበሌ ወንበር የጥላቻ መለኪያዎች ይሆናሉ። የመጤው ባሕርይ ምንም ቢሆን፣ መርፌው የሚንቀሳቀሰው ድርሻው ሲጠብ ነው።

ይህን የምጽፈው ስላለፈው ብቻ አይደለም። ሲዳማ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ የራሱን ክልል አገኘ። ወላይታም በዞኑ ምክር ቤት በኩል ተመሳሳይ ጥያቄ ቢያቀርብም፣ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. መሪዎቹ ታሰሩ፤ በተነሳው ተቃውሞም ሰዎች በጥይት ሞቱ። በጥር 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ፣ በወላይታም በሰኔ በተደገመው ድምፅ፣ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ተጣምረው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሆኑ፤ ሶዶ የአስተዳደሩና የፖለቲካው ማዕከል ሆነች። በዚህም ምክንያት የጋሞ፣ የጎፋ፣ የጌዴኦ፣ የኮንሶ፣ የአሪና የሌሎችም ልጆች በመንግሥት ሠራተኛነት፣ በነጋዴነትና በተከራይነት ሶዶ ይገባሉ። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ከመላው አገሪቱ ወጣት ሲቀበል ቆይቷል። የቤት ኪራይ ይወደዳል፤ የሥራ ማስታወቂያ ላይ የስም ዝርዝር ይነበባል፤ «ይህ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ቡና ቤት ውስጥ መሰማቱ አይቀርም። የራሱን ክልል ጠይቆ የጋራ ክልል ማዕከል የሆነ ሕዝብ በውሳኔው ላይ ቅሬታ ቢኖረው መብቱ ነው። አደጋው ያ ቅሬታ አድራሻውን ስቶ ከጎፋ በመጣው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ላይ ሲያርፍ ነው። ሐዋሳ ላይ የሆነው በትክክል ይኸው ነበር።

እንግዲህ ሶዶ ላይ ዛሬ ሚዛን ይተከል ቢባል የምመርጣቸው ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው።

1. ቤት አከራዩ የተከራዩን ስም ከሰማ በኋላ ዋጋውን ይቀይራል? ይህ በቃል አይጠየቅም፤ እንደ ላፒየር ሰው ልኮ ማየት ነው።

2. የሰፈሩ እድር አዲስ የመጣውን ሰው በስንት ጊዜው አባል ያደርገዋል? ሊቀ መንበር ወይም ገንዘብ ያዥ አድርጎስ ይመርጠዋል? እድር መግባት አንድ ነገር ነው፤ የእድሩን ሣጥን መያዝ ሌላ።

3. መጪው ሰው በማይሰማበት ቦታ በምን ስም ይጠራል? ይህን ከመጪዎቹ መጠየቅ ነው፤ እነርሱ ያውቁታል።

4. የመጤው በር ሲሰበር ማን እንደሚወጣ ሰው ምን ይገምታል?

5. የሚወቀሰው ማን ነው? ውሳኔውን የወሰነው ባለሥልጣን ነው ወይስ ውሳኔው ያመጣው ሠራተኛ?

ከእነዚህ ሁሉ ጋር መልስ ሰጪው የማያፍርበት ዘዴ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ለግማሹ ተጠያቂ አራት የሚያናድዱ ነገሮች ተዘርዝረው፣ ለሌላው ግማሽ አምስተኛ ተጨምሮ «ከሌላ ዞን የመጣ ሰው አለቃ ሲሆን» ይባላል። ተጠያቂው የሚናገረው የትኛው እንዳናደደው ሳይሆን ስንቱ እንዳናደደው ብቻ ነው። የሁለቱ ወገኖች አማካይ ልዩነት አፍ ያልተናገረውን ይናገራል።

ወላይታ ለዚህ ሥራ ከማንም የተሻለ ብቃት አለው የምለው ከሁለቱም ወንበር ስላየ ነው። በማይፈልገው ስም መጠራት ምን እንደሆነ ያውቃል። በሥራው መናቅ ምን እንደሆነ ወንጂና አዲስ አበባ ላይ ቀምሷል። በራሱ ቀዬ ሸክላ ሠሪን ማግለል ምን እንደሚመስልም፣ ቢያምነው፣ ያውቃል። አንድ ማኅበረሰብ ለመጤ ያለውን ዓይን የሚለካበት ጊዜ ቤት ከመቃጠሉ በፊት ነው። ከተቃጠለ በኋላ የሚሠራው ጥናት የሟች ቆጠራ ይባላል እንጂ መለኪያ አይባልም። የሶዶ ምሁራን፣ የእድር ዳኞችና የከተማው አስተዳደር ልጆቻቸው ሐዋሳ ላይ እንዲደረግላቸው ይመኙ የነበረውን ዛሬ ለጎፋውና ለጌዴኦው ልጅ ያድርጉ። ከዚያ የሚበልጥ ሚዛን ያለ አይመስለኝም።

ቸር ይግጠመን።